ነጭ ጨርቅ የታሰረበት በርሜል

ደሴ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሪያድ ምን ትሠራ ነበር?» «ዓሣ አጠምድ ነበር» ስል ይሥቃሉ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እንዲያውም መቀሱን ጆሮዬ ሥር አቁሞ «ጋሽ ሰይድ፣ በረሃ ላይ? ከአሸዋው ውስጥ ነው የምታወጡት?» አለኝ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መቀስ ከያዘ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የአምስት ዓመት ሙያዬ የሰው መሣቂያ ሆኖ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ይኸው ጻፍሁት።

ወረቀቴን ያየ ሰውም አያምነኝም። ኢቃማዬ ላይ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ሙያ በሚለው ቦታ «የእርሻ ሠራተኛ» ይላል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አፈር ቆፍሬ አላውቅም። የያዝሁት መረብ፣ ነጭ ሳህንና አንድ የሻይ ብርጭቆ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ከጣቴ የማይበልጥ ዓሣ ከወራጅ ውሃ አውጥቼ፣ ወንዱን ከሴቷ፣ አንዱን ዘር ከሌላው ለይቼ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ያን የሚያህል ከተማ አቋርጬ አደርስ ነበር። ሪያድ ውስጥ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያደርጉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አስተማሪዬ ናቸው። ይህን ስናገር አላፍርም።

ሥራውን የጀመርሁት በፈረንጆቹ 2017 ነው። ከዚያ በፊት ሺፋ በሚባለው በደቡቡ ሰፈር ብሎኬት እሸከም ነበር። ወረቀት የሌለው ወንድማችን ሁሉ ሻንጣውን የሚያስርበት ጊዜ ነበር። እኔ ኢቃማ ነበረኝ፤ ወገብ ግን አልቀረኝም። ከፊሌ፣ ዋስ የሆነኝ አሠሪዬ፣ አዘነልኝና «አንተ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ አላልክም? ዓሣ ታውቃለህ» ብሎ ትንኝ ለሚያጠፋ አንድ ኮንትራክተር አስተላለፈኝ።

ኮንትራክተሩ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒት በማይረጭበት ቦታ፣ ከብት በሚጠጣበት ገንዳ፣ በየእርሻው የውሃ ማጠራቀሚያና በየፏፏቴው ደግሞ የትንኝ እጭ የሚበላ ደቃቅ ዓሣ ይለቃል። ዓሣው የሚመጣው ከሐኒፋ ሸለቆ ነው። ሪያድን የማያውቅ ሰው አይጠረጥርም እንጂ፣ ከዑረይጃ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ውሃ አለ። ከከተማው ተጣርቶ የሚለቀቅ ነው፤ ሸምበቆ አለው፣ ወፍ አለው፣ ዓሣ አለው።

አለቃችን ኡስታዝ ሙኒር የሚባል ግብፃዊ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እግሩን ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ መኪናው ውስጥ ሙከይፉን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ከፍቶ በመስኮት «ዓሣ ዓሣ ነው፣ ያላ!» ይለን ነበር። ለእሱ ዓሣ በባልዲ የሚለካ ነገር ነው። ደመወዙም ከብሎኬቱ ብዙ አይሻልም ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልሁ ይበቃል።

አያ ይመርን ያገኘኋቸው በመጀመሪያው ቀን፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው የሚሰበስቡ የወሎ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ሪያድን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ኖረውባታል። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ ብዬ መረቤን ይዤ ዘልዬ ገባሁ። ውሃው ደፈረሰ፣ ዓሣው ሸሸ፣ መረቤ አንድ የላስቲክ ጫማና እፍኝ ሸምበቆ ይዞ ወጣ። አያ ይመር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስሁ።»

«በል ና ተቀመጥ። ያደፈረስከው እስኪጠራ የምትሠራው ነገር የለም።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው ነገሩ። ተቀመጥሁ። ያን ዕለት ጠዋት ያሳዩኝ ነገር እስከ መጨረሻው ቀን ከእጄ አልወጣም። አያ ይመር ውሃ አጠገብ ሲደርሱ መጀመሪያ ፀሐይን በፊታቸው ያደርጋሉ፤ ያኔ ጥላቸው ወደ ኋላ ይወድቃል። ዓሣ ሰውን አይፈራም፣ ጥላውን ነው የሚፈራው ይላሉ። ቀጥሎ ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ ከታች ይገቡና ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ይራመዳሉ፤ እግራቸው የሚያነሣው ጭቃ ወደ ኋላቸው ይሄዳል፣ ፊታቸው ያለው ውሃ ጥርት ብሎ ይቆያል። መረቡን አይወረውሩም። ከሸምበቆው ሥር አስገብተው፣ በግራ እግራቸው ሸምበቆውን ቀስ ብለው ነካ ነካ ያደርጋሉ፤ ዓሣው ራሱ ይገባል። መረብ በማይሠራበት ጠባብ ቦታ የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠው ወደ ውስጥ ገልብጠው ይከቱትና ጥቂት የኹብዝ ዳቦ ፍርፋሪ ያደርጉበታል፤ አፉን ወደ ታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት ያዞሩታል። ደቃቅ ዓሣ ውሃውን እየተቃወመ ነው የሚሄደው፤ አፉን ወደ ላይ ያዞረ ሰው ቅጠል ይይዛል። በደረቅ እጅ ዓሣ መንካት ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እጃቸውን ሳያርሱ የነኩት ቀን አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ግን ብርጭቆው ነው። ያችን ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ አንዱን ዓሣ ከነውሃው ይቀዱታል፣ ወደ ሰማይ አንሥተው በጎኑ ያዩታል። ያን ሳያደርጉ የዓሣ ስም አይጠሩም። ሺህ ጊዜ ያዩትን ዓሣ እንኳ!

«አያ ይመር፣ ይሄ እኮ ያው የትናንቱ ነው» እላለሁ።

«ከላይ ሲያዩት ሁሉም ግራጫ ጀርባ ነው» ይሉኛል። «ስም በብርጭቆ ነው።»

በብርጭቆ ሲታይ የሸለቆው ደቃቅ ዓሣ አራት ዓይነት ነው። ስም ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። አንደኛዋ ለሥራችን የምንፈልጋት ናት፤ ወረቀቱ ላይ ጋምቡዚያ ትባላለች፣ እኛ «ሆዳሟ» እንላታለን። አፏ ወደ ላይ የቀና ነው፣ ከውሃው ፊት እጭ ለመልቀም ይመቻታል፤ ሴቷ ሆዷ አጠገብ ጥቁር ነጥብ አላት፣ እንቁላል አትጥልም፣ የሚዋኝ ልጅ ትወልዳለች። ሁለተኛው «ባለ ጃንጥላው» ነው፤ ወንዱ ጀርባው ላይ ትልቅ ክንፍ ይዘረጋል፣ ያምራል፣ ግን የሚበላው አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ሦስተኛው ገና ጢሙ ያልጠነከረ የአምባዛ ልጅ ነው። አራተኛው የቆሮሶ ጫጩት፤ ጎኑ ላይ ቁመቱን የተሰመሩ ጥቋቁር መስመሮች አሉት፣ የጀርባው ክንፍ ረጅምና እሾሃም ነው፣ ከክንፉ ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለች። ይህን አራተኛውን ልብ በሉልኝ።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበራቸው፣ እኔ የምስቅባቸው። አዲስ ውሃ ሲያጸዱ ወይም ሲነኩ፣ ከዚያ ውሃ ጥቂት ዓሣ «ለዘር» ያስቀራሉ። ያስቀሩትን ፉጣ በሚባለው ሰፈር፣ ከምንኖርበት አሮጌ ቤት ጣራ ላይ፣ በወገቡ በተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ያኖሩታል። ስድስት በርሜል ነበራቸው። መጻፍ ስለማይችሉ በየበርሜሉ ጠርዝ የተለያየ ጨርቅ አስረዋል፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ። እኔ የአረንጓዴውንና የቀዩን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የነጩን ጠይቄ አላውቅም።

ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሰው ሆንሁ። አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አንድ የሠርግ አዳራሽ ነበር፤ ሙሽሮችን ትንኝ እየበላ አዳራሹ ስሙ ጠፋ። ሙኒር ሦስት ባልዲ ዓሣ ፏፏቴው ውስጥ አስደፍቶ ነበር፣ ለውጥ የለም። እኔ ነጭ ሳህኔን ይዤ ሄድሁ። ውሃውን ሳህን ላይ ስታደርገው እጩ እንደ ኮማ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ፏፏቴው ውስጥ አንድም የለም። ዞር ዞር ስል በየግድግዳው ሥር ከተደረደሩት አበቦች በታች የውሃ መያዣ ሳህን አለ፣ ሁሉም እጭ በእጭ ነው። «ዓሣ አያስፈልግም፤ እነዚህን ድፉ» አልኋቸው። ደፉ፣ ትንኙ ጠፋ። አያ ይመር ሲሰሙ ብርጭቆ ገዝተው ሰጡኝ። የራሴ ብርጭቆ! እንደ ዲግሪ ነበር የተቀበልሁት።

በ2019 መጀመሪያ አያ ይመር ዕድሜያቸው ገፋና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገር ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ጣራ ላይ አወጡኝ።

«ሰይድ፣ በርሜሎቹን አደራ።»

«አያ ይመር፣ ሸለቆው ሙሉ ዓሣ አይደለም እንዴ? እነዚህን ምን ያደርጉልናል?»

«የሸለቆው የማንም ነው። እነዚህ የሰው ናቸው። አደራ ነው ያልሁህ።»

አደራ ካሉ ኸላስ፣ አበቃ። ያሉት ባይገባኝም በየቀኑ ፍርፋሪ እጥልላቸው፣ በበጋ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ካርቶን አለብሳቸው ነበር። አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ግራጫ ጀርባ ሲመላለስ አያለሁ፤ አሉ እላለሁ፣ እወርዳለሁ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። የሠራሁትን ሁሉ በኩራት ጽፌ ይህን ብተወው ውሸታም እሆናለሁ።

አያ ይመር በሄዱ በሁለት ወራቸው ሙኒር ብቻዬን አንድ የተምር እርሻ ላከኝ። እርሻው ሸለቆውን ተጠግቶ ያለ ነው፤ ባለቤቱ አቡ ናስር የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በእርሻው መካከል ከድንጋይ የተሠራ አሮጌ የውሃ ገንዳ አለ። ትንኝ አስቸገረን ብሎ ነው የጠራን። ያን ቀን ሁለት ሌላ ሥራ ይቀረኝ ነበር፤ ቀትር ሆኗል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ትንንሽ ዓሣዎች አሉ፤ ግራጫ፣ ጎናቸው ላይ ቁመቱን የተሰመረ መስመር ያላቸው።

ቆሮሶ ነው አልሁ። እኔ የሐይቅ ልጅ! በቆሮሶ ያደግሁ ሰው ቆሮሶን ያላወቅሁ ማንን ላውቅ ነው? ብርጭቆው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አላነሣሁም።

«እነዚህስ?» አለኝ አቡ ናስር። «የእናቴ ዓሣዎች ናቸው።»

«የቆሮሶ ጫጩት ናቸው፤ ትንኝ አይዙም» አልሁት። «የእኔዎቹን ልልቀቅልህ፣ አብረው ይኖራሉ። ሙሽኪላ የለም።»

አንገቱን ነቀነቀ። የምታውቅ አንተ ነህ ማለቱ ነው። ሁለት ከረጢት ሙሉ ሆዳሟን በወጉ፣ ከረጢቱን ውሃው ላይ አንሳፍፌ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ ለቀቅሁ። ዘዴው አንድ አልጎደለበትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ እንደማይኖር አላወቅሁም።

በጋው ሲገባደድ አቡ ናስር በስልክ ጠራኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። «ና ተመልከት» ብቻ አለኝ። ስደርስ እናቱ ገንዳው ጠርዝ ላይ በወንበር ተቀምጠዋል። ሐጃ እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ ወደ ዘጠና የሚጠጉ፣ ዓይናቸው ከብርሃን በቀር ብዙ የማይለይ እናት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እግራቸውን ገንዳው ውስጥ ነክረው ይቀመጣሉ። አቡ ናስር ነገሩን ያን ጊዜ ነገረኝ። ሐጃዋ የተወለዱት በምሥራቅ፣ የምንጭ አገር በሆነው አህሳ ነው። ለሪያድ ሰው ሲዳሩ አባታቸው ከቤታቸው ምንጭ ዓሣ በውሃ አቁማዳ አምጥተው እዚህ ገንዳ ውስጥ ለቀቁላቸው፤ ልጄ በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሆን ብለው። ከዚያ ወዲህ ያ ዘር እዚሁ ሲዋለድ ኖሯል።

«እነዚህ የእኔ አይደሉም» አሉ ሐጃዋ ወደ ድምፄ ዞር ብለው። «የእኔዎቹ እግር ይስማሉ። እነዚህ ይነክሳሉ።»

ብርጭቆዬን አሁን አወጣሁ። አንድ ቀዳሁ፣ ሆዳሟ። ሁለተኛ፣ ሆዳሟ። ሠላሳ ያህል ቀዳሁ። በመጨረሻ ከድንጋዩ ስንጥቅ ሥር አንድ ሌላ አገኘሁ፤ ክንፉ ተበጣጥሷል። ወደ ሰማይ ሳነሣው የጀርባው ክንፍ አጭርና እሾህ የሌለው ነው፣ ጥቁር ነጥብ የለውም፣ ጅራቱ ክብ ሆኖ እንደ ሽርጥ ጥቁርና ብጫ ተራ በተራ ተሰምሮበታል። በሕይወቴ ቆሮሶ ላይ ይህን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ያየኋቸው፣ ጎናቸው ላይ መስመር የነበራቸው፣ ሴቶቹ ነበሩ። እነሱ ራሳቸው እጭ የሚበሉ ናቸው። ሆዳሟ ክንፋቸውን ነክሳ፣ እንቁላላቸውን ለቅማ፣ ጫጩታቸውን ውጣ በአንድ በጋ ጨረሰቻቸው። ትንኙ ደግሞ ከገንዳው አልነበረም የሚመጣው፤ ከበጎቹ ማጠጫ ነበር። የሠርግ አዳራሹ ሊቅ ይህን እንኳ አላየም።

ያ ዓሣ ብርጭቆዬ ውስጥ ሞተ። አቡ ናስር ከብርጭቆው ወደ እኔ አየና «የሚያውቅ ሰው መስለኸኝ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚህ በኋላ እጅህን ውሃዬ ውስጥ እንዳላይ ብሎ በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ለሙኒር ነገርሁት። «ዓሣ ዓሣ ነው፤ ሌላ እንሰጣቸዋለን፣ ኸላስ» አለ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የአንዲት ሙሽራ አገር ነው የጨረስሁት። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ ሰው በሚያርፍበት ቀን፣ ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች ማሰስ ጀመርሁ። ወጥመድ ያላስቀመጥሁበት ጥግ፣ ብርጭቆ ያልነከርሁበት ኩሬ የለም። የማገኘው እነዚያኑ አራቱን ነው። አያ ይመር ከአገር ሲደውሉ «ሥራው እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው» እላቸዋለሁ። አፍሬ ነው። እንዲህ እያልሁ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ቤት የተዘጋብንንም ጨምሮ፣ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በ2021 ጸደይ ከባድ የአቧራ ነፋስ መጣ። ሲያበቃ ጣራ ላይ ወጣሁ፤ በርሜሎቹ ጭቃ ሆነዋል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው አየር ይፈልጋሉ። መረብ ጭቃ ውስጥ አይሠራም፣ ስለዚህ በብርጭቆ እየቀዳሁ ወደ ጥሩ ውሃ ማዛወር ጀመርሁ። አረንጓዴውን ጨረስሁ፣ ቀዩን ጨረስሁ፣ ነጭ ጨርቅ ወዳለበት ደረስሁ። የመጀመሪያውን ቀድቼ ጭቃው እስኪወርድ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣሁ።

ጅራቱ ላይ ሽርጥ አለ።

ጣራው ላይ ተቀመጥሁ። እየቀዳሁ ቆጠርሁ፤ አሥራ አራት ናቸው፣ አራቱ ወንድ። ባለፉት በጋዎች ሁሉ ሌላው በርሜል ውስጥ ዓሣ ሲሞትብኝ ከነጩ አንድ እንኳ አልሞተም ነበር። ይህ ብቻ ሌላ ዘር መሆናቸውን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። በእጄ እያበላሁ፣ ካርቶን እያለበስሁ፣ ወርጄ ሸለቆ ለሸለቆ እፈልጋቸው ነበር። አለቀስሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ስልክ አነሣሁ። «አያ ይመር፣ ነጩ ጨርቅ የማን ነው?»

«የሐጃዋ ነዋ፣ የአቡ ናስር እናት። አንድ ጊዜ ገንዳቸው ሲሰነጠቅ ውሃውን ያጎደልሁት እኔ ነበርሁ፤ ያኔ ዘር አስቀረሁ። ምነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው። «ብርጭቆው የት ነበር?» አሉኝ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«ኪስ ውስጥ ሆኖ ምን ያያል?» አሉ። ቀጥለውም «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አፈርሁ።»

«ማፈርህስ ደግ። ሐጃዋ ግን አንተ ማፈርህን እስክትጨርስ አይጠብቁም። በል ፍጠን። ፍጠን ስልህ ደግሞ ቀስ ብለህ።»

ቀስ ብዬ ፈጠንሁ። እነዚህ እንቁላል ጣይ ናቸው። ወፍራም የሱፍ ክር ቋጥሬ በርሜሉ ውስጥ አንጠለጠልሁ፤ እንቁላላቸውን ክሩ ላይ ይለጥፋሉ። እናትና አባት ሳይበሉት ክሩን ከነእንቁላሉ ወደ ሌላ በርሜል አዛውራለሁ። በጋው ሲያልቅ ጫጩቶቹ ስድሳ ያህል ሆኑ። ያን ጊዜ አንዱን በብርጭቆዬ ይዤ አቡ ናስር በር ላይ ቆምሁ።

«እጅህን ውሃዬ ውስጥ እንዳላይ ብዬሃለሁ» አለኝ።

ብርጭቆውን ዘረጋሁለት። ተቀብሎ ወደ ሰማይ አነሣው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ በሩን ከፈተው።

አሁን የቀረው ሆዳሟን ማጥፋት ነበር፤ እሷ ደግሞ ልጅ ወላጅ ናት፣ አንዲት እርጉዝ ከተረፈች ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ገንዳውን አደረቅነው፣ በፀሐይ ተሰነጣጠቀ። እኔ ዓርብ ዓርብ እየሄድሁ ቦዮቹን ሁሉ፣ የቧንቧውን መታጠፊያ ሁሉ፣ በነጭ ሳህን ፈተሽሁ። በሦስተኛው ሳምንት አለቀ ብዬ ልሄድ ስል፣ ከተምር ሥር ባለች የእፍኝ ያህል ውሃ ውስጥ አንዲት አገኘሁ፤ ሆዷ አጠገብ ጥቁር ነጥብ። እንደገና ከመጀመሪያው አደረቅነው። የበጎቹንም ማጠጫ አስጠገንሁ። ሐጃዋ ያን ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ታመው ሆስፒታል ተኙ። በየሳምንቱ «እንዴት ናቸው?» እያልሁ ነበር ከአቡ ናስር በር የምገባው።

የእኔም ጉልበት በዚያው ክረምት አሻፈረኝ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ውሃ ውስጥ መቆም አይሆንም አለኝ። ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫዬን፣ ሙኒር ሊያስጨርስልኝ ተነሣ። አንድ ነገር ብቻ ለመንሁት፤ እስከ ጸደይ ቆየኝ አልሁት። «ለዓሣ?» አለኝ። «ለዓሣ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ ቆየልኝም፤ ይህን አልረሳለትም።

በ2022፣ ብርዱ ሲሰበር፣ ገንዳው ሞልቶ ውሃው ከረመ። ስድሳዎቹን ለቀቅሁ፤ አሥራ አራቱን የመጀመሪያዎቹን ግን ነጭ ጨርቅ ባለበት በርሜል አድርጌ ከገንዳው ራቅ አድርጌ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥሁ። «ይሄ አይነካም፣ ለዘር ነው» አልሁት አቡ ናስርን። ጨርቁን ነካ አደረገው።

ሐጃዋ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ግን ልጃቸው ለምኗቸውም እግራቸውን ውሃው ውስጥ አላስገቡም። «ያ ሐበሻ ይምጣ» ብለው ነው። አውሮፕላኔ ከመነሣቱ በፊት ባለው ዓርብ ሄድሁ። ከሰዓት በኋላ ነው። አቡ ናስር ደግፎ አመጣቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። እግራቸውን ነከሩ። የቀጠነ፣ ሂና የደበዘዘበት እግር ነው። ዓሣዎቹ መጀመሪያ ሸሹ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ተመለሱ። ሐጃዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰዒድ» አሉ በመጨረሻ፤ እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ። «የእኔዎቹ ናቸው?»

ስድሳውንም በእጄ አሳድጌያቸዋለሁ። ቢሆንም ስም በብርጭቆ ነው። ጉልበቴ እያመመኝ ተንበረከክሁ፣ እጄን አራስሁ፣ ከእግራቸው አጠገብ አንዱን ቀድቼ ወደ ሰማይ አነሣሁ። ሽርጡ አለ።

«የእርስዎ ናቸው፣ ሐጃ» አልሁ።

ሳቁ። «እግሬስ ከነገረኝ ቆይቷል» አሉ። «እኔ የሚያውቀው ሰው እስኪናገር ነው የጠበቅሁት።»

አቡ ናስር ሌላ ወንበር አመጣና ከእናቱ አጠገብ አኖረልኝ። ጉልበቴን ለማሳረፍ ተቀመጥሁ፣ ጫማዬን አውልቄም እግሬን ውሃው ውስጥ ከተትሁ።